የወላጆቻችንን ጭቃ ቤት ሳናፈርስ እንኑርበት

(ይህ በሰፈራችን ዕድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። አንዳንድ ድግግሞሽ ከመቀነሴ በቀር እንደተናገርኩት ትቼዋለሁ።)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን።

የዕድራችን ዳኛ ግማሽ ሰዓት ሰጥተውኛል። ካሳለፍክ እንደ ቀሪ አባል ትቀጣለህ ብለውኛል። ስለዚህ ቶሎ ልግባ።

ሥራዬን የማታውቁ ካላችሁ፣ ግንበኛ ነኝ። በብሎኬትም ሠርቻለሁ፣ በድንጋይም ሠርቻለሁ። አሁን ግን አብዛኛው እንጀራዬ የቆዩ ቤቶችን መጠገን ነው።

እስቲ እጅ አውጡልኝ። ጭቃ ቤት ውስጥ ተወልዶ ያደገ? አያችሁ! ከኋላ ያሉት ወጣቶችም አውጥተዋል። አሁንም እዚያው የሚኖርስ? ይሄው፣ አዳራሹ ግማሽ ያህል ነው። ታዲያ ስለ ጭቃ ቤት ስናወራ ለምንድን ነው ድምፃችንን ዝቅ የምናደርገው? ምን ያሳፍራል?

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሲመጣ የሚለው አንድ ዓይነት ነው። «ይሄ ቤት ከእንግዲህ አይሆንም። ሻወር የለው፣ ኪችን የለው። አፍርሰን ብሎኬት እናድርገው።» እሺ፣ ይፈርሳል። ከዚያስ? ገንዘቡ መሠረቱ ላይ ያልቃል። ፌሮው ወደ ሰማይ ቆሞ ዝገት ይጠጣል። ልጆቹ ኪራይ ቤት ይገባሉ። እናት ሰርቪስ ቤት ውስጥ ይከርማሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

እኔ ዛሬ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። ጭቃ ቤት ዘመናዊ ኑሮ ይችላል። መብራት ይችላል፣ ፍሪጅ ይችላል፣ ዋይፋይ ይችላል። የማይችለው ውሃ ነው። ሌላው የማይችለው፣ እድሳት ብለን የምንለጥፍበትን ሲሚንቶ ነው። ይህንን በአራት ነጥብ አያለሁ። የመጀመሪያው ይረዝማል፤ የመጨረሻው አጭር ነው ግን የሚያጣላው እሱ ነው።

አንደኛ፣ ውሃ።

ከዚያ በፊት ቤቱ ምን እንደሆነ እንግባባ። ጭቃ ቤታችሁን የተሸከመው ጭቃው አይደለም። እንጨቱ ነው። ቋሚው ጣሪያውን ይሸከማል፣ ማገሩ ቋሚውን ያያይዛል፣ ጭቃው ልብስ ነው። ልብስ ቢቀደድ ይጣፋል። ቋሚው ከበሰበሰ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስለዚህ ግድግዳችሁ ላይ ስንጥቅ አይታችሁ አትደንግጡ። የቋሚውን እግር ነው ማየት ያለባችሁ።

የድሮ ቤቶች ቋሚ ብዙ ጊዜ ጽድ ነበር። ጽድ ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የአካባቢው ደን ሲመናመን፣ ከአውስትራሊያ የመጣው ባህር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ተተከለ። ከተማዋን ያዳናት እሱ ነው ማለት ይቻላል። ግን ባህር ዛፍ ለምስጥ ምሳ ነው። ስለዚህ ቤታችሁ በምን እንጨት እንደቆመ እወቁ። ጽድ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። ባህር ዛፍ ከሆነ በየጊዜው እግሩን እዩ።

እንጨት የሚበሰብሰው የት ነው? ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። ከሥር የተቀበረው ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ ከላይ ያለውም ደህና ነው። እርጥበትና አየር የሚገናኙባት ያቺ አንድ ስንዝር ናት የምትጎዳው። አባቴ ደብረ ብርሃን ያለውን ቤታችንን የሚፈትሸው በወፍራም ሚስማር ነበር። መስቀል አልፎ መሬቱ ጠፈፍ ሲል፣ ሚስማሩን ይዞ ቤቱን ይዞራል። የእያንዳንዱን ቋሚ እግር ይወጋል። ሚስማሩ እንቢ ካለ ያልፋል። ዘው ብሎ ከገባ በከሰል ምልክት ያደርጋል። በቃ። ማሽን አይፈልግም፣ ኢንጂነር አይፈልግም። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ አድርጉት።

የበሰበሰ እግር ካገኛችሁ ቤቱ አለቀለት ማለት አይደለም። ጣሪያውን በድጋፍ እንጨት እንወጥራለን። የበሰበሰውን ቆርጠን እናወጣለን። ከሥሩ ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ ወይም የአርማታ መቀመጫ እንሠራለን። አዲሱ እግር እሱ ላይ ይቆማል እንጂ ተመልሶ አፈር ውስጥ አይገባም። ግን ተራ በተራ ነው፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይነካም። «ቶሎ እንጨርስ፣ ሁሉንም አንዴ ቁረጠው» የሚላችሁ ባለሙያ ካለ፣ ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልመለስ። ብዙዎቻችን ቤት ውስጥ ክረምት ላይ ውሃ ይገባል። ለምን? ቤቱ ሰምጦ ነው? አይደለም። መንገዱ ከፍ ብሎ ነው። ኮብልስቶኑ ሲነጠፍ ከሥሩ አፈርና አሸዋ ተደልድሏል። ግቢያችንም በየዓመቱ አፈር እየደፋን ከፍ ብሏል። ድሮ ሁለት ደረጃ ወጥታችሁ የምትገቡበት ቤት፣ ዛሬ አንድ ደረጃ ወርዳችሁ ነው የምትገቡበት። እውነት ነው አይደለም? ... ይኸው፣ እትዬ ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው።

መፍትሔው ቤቱን ማፍረስ አይደለም። በግድግዳው ዙሪያ የተከመረውን አፈር ጥረጉት። መሬቱ ከግድግዳው ወደ ውጭ እንዲያዘነብል አድርጉ። ቦይ ቆፍሩ። አሸንዳ ስቀሉ፤ አሸንዳው የሚያወርደውን ውሃም ወደ ቦዩ ምሩት፣ ግድግዳው ሥር እንዳይፈስ። ቆርቆሮ ስትቀይሩ ክፈፉን ረዘም አድርጉት፤ ከግድግዳው 60 ወይም 70 ሴንቲ ሜትር ቢወጣ ዝናቡ ግድግዳውን አያገኘውም። ይህ ሁሉ ከአንድ ሳሎን ጂፕሰም ኮርኒስ ያነሰ ወጪ ነው።

ጂፕሰም ካነሳን ዘንድ! አንድ ቤት ልጅ ሊድሩ ነበር። ሳሎኑን አሳመሩት። ጂፕሰሙ ባለ ሦስት እርከን፣ መብራቱ ቀለም የሚቀያይር። ጣሪያው ግን የድሮው ቆርቆሮ ነው፤ ሚስማሩ ላልቷል። እኔ «መጀመሪያ ጣሪያውን» አልኩ። ማን ይሰማል? የመልሱ ዕለት ዝናብ መጣ። ጂፕሰሙ ውሃ ጠጣ፣ ከበደ፣ ከዚያ አንዱ ማዕዘን ዶሮ ወጡ አጠገብ ወደቀ። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። ሚዜዎቹ እስከ ዛሬ ይስቃሉ። ባለቤቶቹ አይስቁም።

አሁን ሲሚንቶ። ይህችን በደንብ ስሙኝ።

እዚሁ ሰፈር አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው ቨርጂኒያ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፤ በትርፍ ሰዓት እየሠራ ብር ላከ። አንድ ኮንትራክተር መጣ። የጭቃውን ግድግዳ በሽቦ ወንፊት አልብሶ፣ ከውጭም ከውስጥም በሲሚንቶ ለሰነው። ቀለም ተቀባ። ፎቶው በቴሌግራም ሄደ። ልጁ አለቀሰ አሉ፣ በደስታ። እውነትም ያምር ነበር።

ሁለት ክረምት አለፈ። «ግድግዳዬ ያብጣል» ብለው ጠሩኝ። በጣቴ መታ መታ ሳደርገው ባዶ ቆርቆሮ ይመስል ጮኸ። ሲሚንቶው ከጭቃው ተላቆ ለብቻው ቆሟል። ትንሽ ስፈለፍል ከውስጥ እርጥብ ነው። ወደ ታች ስወርድ የቋሚው እግር በእጄ ውስጥ ዱቄት ሆነ። ምስጥ በልቶት ጨርሷል። ከውጭ ግን ቀለሙ እንዳለ ነው!

ምን ሆነ? ሲሚንቶና ጭቃ አይዋደዱም። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል። ሲሚንቶ ደረቅ ነው፤ አብሮት አይሄድም፤ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውሃ ይገባል። ከገባ በኋላ መውጫ የለውም። ራቁቱን የነበረ ጭቃ ፀሐይ ሲያገኝ ይደርቅ ነበር። አሁን ግን እርጥበቱ ተዘግቶበት እንጨቱን ያበሰብሳል። ምስጥ ደግሞ ጨለማና እርጥበት ነው የሚወደው። ከዚህ በላይ ምን ግብዣ አለ?

«ታዲያ በምን እንለስን?» ትላላችሁ። ከሥር በጭቃና በጭድ፣ ከላይ በኖራ። ጭድ የጤፍ ይሁን። ጭቃው ቢያንስ ለተወሰኑ ቀናት ተቦክቶ ይደር፤ እናቶቻችን ይህን ያውቃሉ፣ ሲሸት ነው የሚደርሰው። ከዚያ አንድ እጅ ኖራ በሦስት እጅ አሸዋ፣ ስስ አድርጎ በሁለት ዙር። ቶሎ እንዳይደርቅ ለተወሰኑ ቀናት ውሃ እረጩት። ኖራ እርጥበቱን መልሶ ያስወጣል። ነጭ ሆኖ ያምራል፤ ቀለም ከፈለጋችሁም ይቀባል። ፕላስቲክ ቀለም ግን አትቀቡበት፤ ያው ሲሚንቶውን በሌላ በር ማስገባት ነው።

ሲሚንቶ ጠላቴ አይደለም። እንጀራዬ ነው። ቦታው ግን ከታች ነው። የድንጋዩ መሠረት፣ የውጭው ደረጃ፣ ቦዩ፣ እዚያ ይግባ። ወለል ስታፈሱም ድንጋይ ደልድሉ፣ ፕላስቲክ አንጥፉ፣ አርማታው ቋሚውን እንዳይነካ ክፍተት ተዉ።

ሁለተኛ፣ ሻወርና ኪችን።

እዚህ ላይ ልጆቻችን እውነት አላቸው። ሌሊት በዝናብ፣ በጭቃ፣ ግቢ ጥግ ያለ ሽንት ቤት ድረስ መሄድ ባህል አይደለም፤ ችግር ነው። የ80 ዓመት እናት በጨለማ ተንሸራተው ዳሌያቸው ቢሰበር ማን ነው የሚጠየቀው? ስለዚህ ሽንት ቤት ከቤቱ ጋር ይገናኝ። ግን ጭቃው ውስጥ አይግባ።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ውሃ የሚፈልግ ነገር ሁሉ፣ ሻወሩ፣ ሽንት ቤቱ፣ የዕቃ ማጠቢያው፣ ከጓሮ በኩል በአንድ የብሎኬት ክፍል ውስጥ ይሰበሰባል። የራሱ መሠረት፣ የራሱ ጣሪያ አለው። ከአሮጌው ቤት ጋር በአንድ በር ይገናኛል። ግድግዳ ለግድግዳ ግን አይጣበቅም፤ በሁለቱ መካከል ትንሽ ክፍተት ይተዋል፤ ክፍተቱ ከላይ በላሜራ ይከደናል። ለምን? አዲሱ ክፍል ገና ይሰምጣል፣ አሮጌው ሰምጦ ጨርሷል። ካሰራችኋቸው አንዱ ሌላውን ይጎትታል። እንዲህ ሲሆን ቧንቧ ቢፈነዳ እንኳ የሚጎዳው ብሎኬቱ ነው።

የሽንት ቤቱ ቱቦ 110 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ በየሜትሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይውረድ። ከዚህ ካነሰ ይደፈናል። ማጠራቀሚያውን ከቤቱም ከጎረቤትም ግድግዳ አርቁት። ጎረቤት ያልኩት ለምን እንደሆነ እዚህ ያላችሁ ሁለት ሰዎች ታውቃላችሁ፤ ስም አልጠራም!

ሮቶም አለ። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ሁላችንም ሮቶ እንፈልጋለን። አንድ ሺህ ሊትር ውሃ አንድ ቶን ነው። አሥር ኩንታል! ሰዎች ይህን ጭቃ ቤት ጣሪያ ላይ ሊሰቅሉ ይጠይቁኛል። እባካችሁ። ሮቶ የራሱ የብረት ወይም የአርማታ መቆሚያ ይሠራለት።

መብራቱን ደግሞ አትቀልዱበት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይስባል። በ220 ቮልት 16፣ 18 አምፔር ማለት ነው። ብዙው ቤታችን ውስጥ ያለው ሽቦ ለአምፖልና ለሬዲዮ የተዘረጋ ነው። ከዚያው ሽቦ ምጣድ ትሰካላችሁ። ከዚያ «ሶኬቱ ለምን ሞቀ?» ትላላችሁ። ምጣድ ከቆጣሪው የሚነሳ የራሱ መስመር ይኑረው፤ ሽቦው ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ብሬከሩም የራሱ፣ የመሬት ሽቦውም እንዳይረሳ። ቤታችን እንጨትና ጭድ መሆኑን አስታውሱ። ሽቦው በቱቦ ውስጥ ይሂድ። ለማይታየው ነገር ገንዘብ ማውጣት ያማል፤ አውቃለሁ።

መስኮት ማስፋት ይቻላል? ይቻላል። በሁለት ቋሚ መካከል ጭቃውንና ማገሩን አንሱ፣ ከላይና ከታች አግዳሚ ግጠሙ። ቋሚ ግን አትቁረጡ። አለቀ።

ሦስተኛ፣ ቤቱ የሚታደሰው ለማን ነው?

ይህን ጥያቄ ማንም አይጠይቅም። ውጭ ያለው ልጅ ከኢንተርኔት ፎቶ ይልካል፤ ኪችኑ ከሳሎኑ ጋር የተከፈተ፣ ነጭ በነጭ የሆነ። ሽሮ ሲንተከተክ፣ በርበሬ ሲታመስ ያ ነጭ ሶፋ ምን እንደሚሆን አስቡት እስቲ!

ደብረ ብርሃን የእኛን ቤት ስናድስ እህቴ እማዬን «አዲስ ኪችን ከጓሮ ልንሠራልሽ ነው» አለቻት። እማዬ ዝም አለች። ደስ አላላትም። ኋላ ቡና ስታፈላ ጠየቅኳት። «እኔ ቡና የማፈላው የግቢውን በር እያየሁ ነው» አለችኝ። «ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ቆሞ ለመግባት አፈረ፣ ከዚህ አየዋለሁ። ጓሮ ወስዳችሁ ግድግዳ ልታሳዩኝ ነው?» ትክክል ነበረች። ምድጃውንና ማጠቢያውን ወደ ጓሮ ወሰድን። የቡናዋን ቦታ ግን አልነካንም። እንዲያውም ከፊቷ ያለውን መስኮት ዝቅ አድርገን አሰፋነው፤ ተቀምጣ እንድታይበት። መደቡንም አልጣልነውም። አለስልሰን ፍራሽ አነጠፍንበት፤ ከስድስት ወንበር በላይ ሰው ይይዛል።

ሐረር ጀጎል ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የሐረሪዎች ቤት ውስጥ ነደባ የሚሉት እርከን እርከን መቀመጫ አለ። ማን የት እንደሚቀመጥ ይታወቃል። እዚያ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥንም ፍሪጅም ገብቷል። ነደባው ግን አልፈረሰም። ሰዎቹ በየትኛው ክፍለ ዘመን እንደሚኖሩ ግራ አልገባቸውም። እኛን ምን ግራ አጋባን?

የዕድር ስብሰባ ላይ ነንና ይህንንም ልበል። የቤተሰብ ቤት የሚኖሩበት ብቻ አይደለም። ልቅሶ አለ። ሰርግ አለ። ሰልስት አለ። ግቢውን በኪራይ ክፍል ጠቅጥቃችሁ ከሞላችሁት፣ ነገ ክፉ ቀን ሲመጣ ድንኳናችንን የት ልንተክለው ነው? የድንኳን ኮሚቴዎቻችን እዚህ አሉ፤ መንገድ ላይ ሲተክሉ ከመኪና ጋር እንዴት እንደሚጨቃጨቁ ጠይቋቸው። ለድንኳን የሚሆን ቦታ ተዉ። በሩንም ሰፋ አድርጉት፤ 90 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ዊልቸርም ይገባል፣ አስከሬንም በክብር ይወጣል። ይቅርታ፣ ግን ይህ ኑሯችን ነው።

አራተኛ፣ ወረቀት።

አጭር ነው ብያለሁ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ከዚያ ወዲህ በአንድ አጥር ውስጥ እንኳ አንዱ ክፍል የግል፣ ሌላው የቀበሌ የሆነበት ቤት አለ። የቀበሌ ከሆነ ያለ አስተዳዳሪው አካል ፈቃድ ሚስማር አትምቱ። የግል ከሆነም ወረዳ ሂዱና የእድሳት ፈቃድ አውጡ። ቦታው መልሶ ማልማት ወይም ኮሪደር ልማት ውስጥ ይግባ አይግባ ጠይቁ። ጠይቃችሁ፣ በጽሑፍ ተቀብላችሁ ነው ብር የምታወጡት። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ አይነካም።

ትልቁ ግን ካርታው ነው። ካርታው በማን ስም ነው? በብዙ ቤት አሁንም በሟቹ አባት ስም ነው። ወንድም ብር ያወጣል። እህት ጉልበት ታወጣለች። ሌላው ውጭ ሆኖ «እኔም ድርሻ አለኝ» ይላል። ሁሉም እውነት አላቸው! ቤቱ ሲያምር ዋጋው ይጨምራል፣ ያኔ ጠቡ ይመጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው አካፋ ሳይነሳ የወራሽነት ማስረጃውን ከፍርድ ቤት ጨርሱ። ማን ምን ያህል እንዳወጣ፣ ነገ ቤቱ ቢሸጥ እንዴት እንደሚታሰብ፣ በወረቀት ጻፉና ሁላችሁም ፈርሙ። «እኛ ወንድማማቾች ነን፣ ምን ወረቀት ያስፈልገናል» የምትሉ አላችሁ። ወንድማማች ሆናችሁ እንድትቀሩ ነው ወረቀቱ የሚያስፈልገው።

ሰዓቴ አልቋል፤ ዳኛችን እያዩኝ ነው። ብር ሲኖራችሁ ቅደም ተከተሉን ብቻ ልድገመው። ጣሪያ። ቦይ። የቋሚ እግር። የመብራት መስመር። የጓሮው ክፍል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ቀለምና ጂፕሰም፣ እሱም ብር ከተረፈ። አሁን ሚያዝያ ነው። ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያውንና ቦዩን ትደርሱበታላችሁ። ልስኑን ግን አሁን አትጀምሩት፤ ዝናብ ያበላሸዋል። መኸር ይሰብሰብ፣ ጭዱም ያኔ ይረክሳል፤ ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ አቡኩት።

በነጻ ላያቸው የምችላቸው ቤቶች አሉኝ፤ አቅም የሌላቸው እናቶችና አባቶች ቅድሚያ አላቸው። ጸሐፊያችን ጋ ስም አስመዝግቡ። እሑድ እሑድ ሚስማሬን ይዤ እመጣለሁ።

አሁን ጥያቄ እቀበላለሁ። እትዬ፣ ቅድም እጅ አውጥተው ነበር፤ ከእርስዎ እንጀምር። ማይኩን ስጧቸው እስቲ።